ጀበናና ሲኒ በአቦል፣ በቶናና በበረካ ሲሳሉ

ጀበና ስስል እናቴ መጀመሪያ ያየችኝ ቀን «ምነው ልጄ፣ ሰው ጠፋ?» አለችኝ። አልፈረድኩባትም። ጀበና በእኛ ቤት በቀን ሁለቴ ሦስቴ ይጣዳል፣ ይወርዳል፣ ይታጠባል፣ ጥግ ይቀመጣል። ማንም ቆሞ አያየውም።

እስቲ አሁኑኑ አንድ ነገር ሞክሩ። ወደ ጓዳ ሳትሄዱ የቤታችሁን ጀበና በቃላችሁ ወረቀት ላይ ሳሉት። ጆሮው ከላይ የሚያያዘው የአንገቱ መሐል ላይ ነው ወይስ አፉ ሥር? ሆዱ የሚሰፋው መሐሉ ላይ ነው ወይስ ወደ ታች ወረድ ብሎ? ሲኒው ጠርዝ ላይ ያለው መስመር አንድ ነው ሁለት? ስትጨርሱ ከእውነተኛው ጋር አስተያዩት። እኔ ስሞክረው የወጣልኝ ነገር ጆሮ የበቀለበት አምፖል ይመስል ነበር። ሃያ ምናምን ዓመት ቡና የተቀዳልኝ ከዚያ ዕቃ ነው። ለካ አልተዋወቅንም።

ሠዓሊዎች ይህን ዓይነት ሥራ «ስቲል ላይፍ» ይሉታል። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡ፣ የማይንቀሳቀሱ ነገሮችን መሳል ነው። ፈረንሳዮች ደግሞ «የሞተ ተፈጥሮ» የሚል ስም አወጡለት፤ ለእኔ ስሙ አይጥመኝም። የሚገርመው፣ ስሙን ውድቅ የሚያደርግ ሥራ የሠራውም ከእነሱው አንዱ ነው። ዣን ሲሜዎን ሻርዳን ይባላል፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1699 እስከ 1779 የኖረ የፓሪስ ሰው። በ1761 ገደማ የሳለው አንድ ትንሽ ሥዕል ዛሬ አሜሪካ፣ ፒትስበርግ በሚገኘው የካርኔጊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም አለ። ያለበት ነገር ውኃ የያዘ ብርጭቆ፣ ጠቆር ያለ የቡና ማፍያና ነጭ ሽንኩርት ነው። ወርቅ የለም፣ ሐር የለም። ብርጭቆው ብርሃን ያሳልፋል፣ ማፍያው ብርሃን ይውጣል፣ ሽንኩርቱ ነጭ ብሎ ተቀምጧል። ፎቶውን ኢንተርኔት ላይ ፈልጋችሁ ረጋ ብላችሁ እዩት። የጀበና የአጎት ልጅ ታገኛላችሁ።

ዛሬ የምንሠራው እንዲህ ያለ ሥዕል ነው። ቀለም ግን አንገዛም። ቡናውን ራሱን እንጠቀማለን።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

አንድ ጀበና፣ አንድ ሲኒ፣ አንድ ሎሚ ወይም ነጭ ሽንኩርት። ወፍራም ወረቀት፤ በካሬ ሜትር ከ200 ግራም በላይ የሆነ ቢሆን ይመረጣል፣ ምክንያቱም ስሱ የፕሪንተር ወረቀት እርጥበት ሲነካው ይጨማደዳል። እርሳስ፣ ላጲስ፣ አንድ ሰፋ ያለና አንድ ቀጭን ብሩሽ፣ ሦስት ትንንሽ ዕቃዎች ለቀለሙ፣ አንድ ጨርቅ። ወረቀቱን ከአራቱም በኩል በወረቀት ፕላስተር ጣውላ ላይ ለጥፉት።

ቀለሙን ማፍላት

ቡና በሦስት ዙር ይቀዳል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። የመጀመሪያው ወፍራም፣ ሁለተኛው መለስ ያለ፣ ሦስተኛው ቀጭን። ሠዓሊ ደግሞ አንድን ነገር ለማቆም የሚፈልገው ሦስት ደረጃ ነው፦ ጨለማ፣ መካከለኛ፣ ፈዛዛ። አራተኛው፣ ማለትም ነጩ፣ ያልተነካው ወረቀት ነው። ይሄ ነገር ሲገጣጠምልኝ ለብቻዬ ስቄያለሁ።

ችግሩ፣ ለመጠጥ የሚሆን አቦል ወረቀት ላይ ሲያርፍ ሻይ ነው የሚመስለው። ስለዚህ ከሦስቱም ዙር አንድ አንድ ሲኒ አስቀሩ። ስኳር እንዳይገባበት። ስኳር ካለው አይደርቅም፣ ይጣበቃል፣ ሌሊት ደግሞ ጉንዳን ሥዕላችሁን ሊጎበኝ ይመጣል። ጨውና ቅቤ የምታደርጉም እንደዚያው፤ ለዛሬ ይቅር።

አቦሉን በስስ ጨርቅ አጥልሉት። አተላው ከቀረ ብሩሹ ላይ እየተያዘ ወረቀቱን ይቧጥጣል። ከዚያ በትንሽ መጥበሻ፣ በዝግተኛ እሳት፣ ሩቡ እስኪቀር አፍሉት። ማር ልሁን ልሁን ሲል አውርዱት። ቶናውን ግማሹ እስኪቀር ይበቃዋል። በረካውን አጥልላችሁ እንዳለ ተጠቀሙበት።

ጀበና አጠገባችሁ ከሌለ፣ ለምሳሌ ባሕር ማዶ ያላችሁ፣ በሙቅ ውኃ የሚሟሟውን ቡና ውሰዱ። አንድ ማንኪያ ቡና በአንድ ማንኪያ ውኃ አቦል ይሆናል። በአራት ማንኪያ ውኃ ቶና፣ በአሥር ማንኪያ በረካ። የምትስሉት የሻይ ማፍያም ሊሆን ይችላል፤ አልቆጣም።

አሁን ቁራጭ ወረቀት ላይ ሦስት ሳጥን ሠርታችሁ እያንዳንዱን ቀቡና እስኪደርቅ ጠብቁ። ሲደርቅ ይፈዛል። አቦሉ በቂ ጨለማ ካልሰጣችሁ፣ ከደረቀ በኋላ በላዩ ላይ ድገሙት። ይህን ቁራጭ አትጣሉት፣ እስከ መጨረሻው አጠገባችሁ ይቀመጥ።

የቡና ቀለም ሁለት ጠባይ አለው፣ ቀድማችሁ እወቁት። አንደኛ፣ ፈሳሹ ከቆየ ይሻግታል፤ በየቀኑ አዲስ ይፈላል። ሁለተኛ፣ ፀሐይ ላይ ከሰቀላችሁት እየደበዘዘ ይሄዳል። ለልምምድና ለደስታ እንጂ ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ አይደለም። የወደዳችሁትን ፎቶ አንሡት።

ዕቃዎቹን መምረጥ

ለቱሪስት ተብሎ በባንዲራ ቀለም የተቀባውን ጀበና ተዉት። የሚሠራበትን አምጡ። ታቹ ጥላሸት የያዘ፣ አፉ ትንሽ የተሸረፈ፣ ጆሮው በእጅ ብዛት ወዝ ያወጣ። ጥቁር ሸክላ ብርሃንን ቀስ አድርጎ ይጠጣል፤ ሲኒ ደግሞ ብርሃን ሲመታው ቦግ ይላል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሆኑ እርስ በርሳቸው ያሳያያሉ። ሎሚው ለምን ገባ? ዝቅ ያለ፣ ድቡልቡል ነገር ስላስፈለገን ነው። ረጅም፣ መካከለኛ፣ አጭር።

ከሦስት በላይ አታድርጉ። ረከቦቱን ከነስድስት ሲኒው መሳል ያምራል፣ አውቃለሁ። ግን ስድስት ሲኒ ማለት ስድስት የተጨፈለቀ ክብ ማለት ነው። መጀመሪያ አንዱን እንቻል።

ከዕቃ ጋር ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ማየት ከፈለጋችሁ ጆርጆ ሞራንዲን ፈልጉት። ከ1890 እስከ 1964 የኖረ ጣሊያናዊ ነው። ቦሎኛ ከተማ ውስጥ ከእህቶቹ ጋር ይኖር ነበር፤ መኝታ ክፍሉ የሥራ ክፍሉም ነበር። አሥርት ዓመታት ሙሉ የሳለው በአብዛኛው ጠርሙስ፣ ቆርቆሮና ማሰሮ ነው። ያው አንዱ ጠርሙስ በብዙ ሥዕል ላይ ተመላልሶ ይመጣል። ብልጭታ ሲበዛበት ጠርሙሶቹን ራሳቸውን ቀለም ይቀባቸው ነበር። አቧራቸውንም አይጠርግም። (ይህን ለእናታችሁ እንደ ማስረጃ አታቅርቡ። እኔ ሞክሬዋለሁ፤ አይሠራም።)

ብርሃን

ከሁሉም በላይ ጊዜ ስጡት የምለው ይህን ነው።

ብርሃኑ ከአንድ ጎን ብቻ ይምጣ። ጠረጴዛውን መስኮት አጠገብ፣ መስኮቱ በግራችሁ ወይም በቀኛችሁ እንዲሆን አስቀምጡት። የኮርኒሱን መብራት አጥፉ። ሁለት ብርሃን ካለ ሁለት ጥላ ይኖራል፣ ሁለት ጥላ ካለ ዕቃው የትም ያረፈ አይመስልም።

የውጭ አገር መጻሕፍት ሁሉ «የሰሜን መስኮት ፈልጉ» ይላሉ። ፀሐይ በቀጥታ ስለማይገባበት ብርሃኑ ቀኑን ሙሉ አይለዋወጥም ነው ምክንያቱ። ስቶክሆልም ወይም ዋሽንግተን ላላችሁ ልክ ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ነው ያለችው። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ ድረስ ፀሐይዋ እኩለ ቀን ላይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ነው የምታጋድለው። ሰኔ ላይ ደመና ከሌለ የሰሜን መስኮታችሁ ፀሐይ ይገባበታል። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ግንቦት ሙሉ «ምን ዓይነት መስኮት ነው» እያልኩ ተማርሬያለሁ። ከመስከረም እስከ የካቲት ግን መጽሐፉ ያለው ይሠራል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ፀሐይ ከገባ መስኮቱ ላይ ነጠላ ወይም ስስ ነጭ ጨርቅ ስቀሉ። ኃይለኛው ብርሃን ይለዝባል። ሰዓት ምረጡና በዚያው ሰዓት ብቻ ሳሉ፤ ለእኔ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ይመቸኛል። ከሥራ ማታ የምትገቡ ደግሞ ትልቅ ካርቶን በአንድ ጎኑ አጋድማችሁ፣ ዕቃዎቹን ውስጡ አስገብታችሁ፣ በጎን በኩል ቀዳዳ አውጥታችሁ አንድ አምፖል አብሩበት። መብራት ከጠፋም ሻማ አለ። ሻማ ያነሰ ብርሃን ይሰጣል እንጂ ያነሰ ጥላ አይሰጥም።

ማስቀመጥ

ጀበናችሁ ታቹ ክብ ከሆነ ማቶቱ ላይ አድርጉት፤ ማቶቱም አብሮ ይሳላል። ሲኒውን ከጀበናው ፊት፣ ትንሽ እንዲጋርደው አስቀምጡ። ሎሚው ለብቻው ራቅ ይበል። መጠንቀቅ ያለባችሁ አንድ ነገር ነው። የሁለት ዕቃ ጠርዝ ጫፍ ለጫፍ አይነካካ። ወይ ይደራረቡ፣ ወይ ይራራቁ። የተነካኩ እንደሆነ ሥዕሉ ላይ አንድ ላይ የተሰፉ ይመስላሉ።

ከኋላ ምን ይሁን? ሁዋን ሳንቼዝ ኮታን የሚባል ስፔናዊ ነበር። በ1602 ገደማ በሳለው ሥዕል ጥቅል ጎመን በገመድ ተንጠልጥሎ፣ ኪያር ድንጋይ ጠርዝ ላይ ተጋድሞ፣ ከኋላቸው ድቅድቅ ጨለማ ነው። ጎመኑ ኮከብ ይመስላል። ግን የእሱ ጎመን ፈዛዛ አረንጓዴ ነው፣ የእኛ ጀበና ጥቁር። እንደሱ ካደረግን ጀበናችን ይጠፋል። ስለዚህ ከኋላ ፈዘዝ ያለ ነገር አቁሙ፤ ቡናማ የመጠቅለያ ወረቀት ወይም ባዶ ግድግዳ ይበቃል።

ካስተካከላችሁ በኋላ በእያንዳንዱ ዕቃ ዙሪያ ጠረጴዛው ላይ በጠመኔ አስምሩ። ሞራንዲም ቦታቸውን ያሰምር ነበር። እኔ ይህን የተማርኩት ከእሱ ሳይሆን ከእህቴ ነው። ለአምስት ደቂቃ ወጥቼ ስመለስ ሲኒዬን አንሥታ ቡና እየጠጣችበት አገኘኋት። መልሳ ስታስቀምጠው ሁለት ጣት ያህል ተዛውሯል። ግማሽ ቀን የሠራሁት ጥላ ባለቤት አጣ።

ንድፍ

መጀመሪያ አትሳሉ፣ ለኩ። እርሳሱን በተዘረጋ ክንድ ያዙ፣ አንድ ዓይን ጨፍኑ። የእርሳሱን ጫፍ የጀበናው አፍ ላይ፣ አውራ ጣታችሁን አንገቱ የሚያልቅበት ላይ አድርጉ። ያንን ልክ ወደ ሆዱ አውርዱት። አንገቱ ከሆዱ ይረዝማል? እኩል ነው? ከዚያ ክንዳችሁን ሳታጥፉ እርሳሱን አጋድሙና የሆዱን ስፋት ለኩ። ብዙ ሰው አንገቱን አሳጥሮ፣ አፉን አስፍቶ ይስላል። ምክንያቱም ቡና የሚወጣው ከዚያ ነው፣ ሐሳባችን እዚያ ነው።

ወረቀቱ ላይ አንድ ቀጥ ያለ የመሐል መስመር አውርዱ። ግራና ቀኙን በእሱ እየመዘናችሁ ሳሉ። ጆሮው በመጨረሻ ይመጣል። ጆሮውን ስትስሉ ደግሞ ጆሮውን ሳይሆን በጆሮውና በአንገቱ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ እዩ። የምን ቅርጽ ነው? ግማሽ ጨረቃ? የባቄላ ፍሬ? ያንን ባዶ ቦታ ከሳላችሁ ጆሮው በራሱ ይመጣል። ሞኝ ዘዴ ይመስላል፣ ግን የሰጠኝን ያህል ማንም አልሰጠኝም።

ወደ ሲኒው ስንመጣ፣ አንሡትና አፉን ከዓይናችሁ ጋር ትክክል አድርጉት። አፉ ቀጥ ያለ መስመር ሆነ አይደል? አሁን ቀስ እያላችሁ ዝቅ አድርጉት። መስመሩ ይከፈታል፣ የተጨፈለቀ ክብ ይሆናል፣ እየወረደ በሄደ ቁጥር ይበልጥ ይከፈታል። ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሲኒ ታቹ ከአፉ ይበልጥ የጎበጠ መስመር አለው። ጀማሪ ግን አፉን ክብ፣ ታቹን ደግሞ በማስመሪያ የተሰመረ ያደርገዋል። «ታቹ ጠፍጣፋ ነው» ብሎ ስለሚያውቅ ነዋ! የምታውቁትን ለጊዜው ርሱት። ሌላም አለ፦ የተጨፈለቀ ክብ ጫፎቹ አይሾሉም። ከሾሉ ሲኒው ዓይን ይመስላል።

መቀባት

ዓይናችሁን አጥብባችሁ እዩ፣ እንቅልፍ እንደመጣበት ሰው። ዝርዝሩ ይጠፋል፣ ጨለማና ብርሃን ብቻ ይቀራል። በቀጭን እርሳስ የጥላዎቹን ድንበር ሁሉ አስምሩ። የጀበናው ጥላ ሲኒው ላይ ያርፋል? የት ይጀምራል፣ የት ያልቃል?

በረካ ይቅደም። በሰፊው ብሩሽ ከሲኒው ብርሃን ያለበት ጎንና ከሎሚው አናት በቀር ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ቀቡት፤ ጀበናውን፣ ግድግዳውን፣ ጥላዎቹን። አሁን ሁሉም ሐመር ይሆናል። አትደንግጡ። እስኪደርቅ ጠብቁ። በዚህ መሐል ቡና የሚጠጣ ይጠጣ። ብቻ ብሩሹ የት ሲኒ ውስጥ እንደተነከረ ልብ በሉ።

ሲደርቅ ቶና። ጀበናው ሙሉ፣ የሲኒው የጥላ ጎን፣ የሎሚው ታች፣ ጠረጴዛው ላይ ያረፉት ጥላዎች። እዚህ ላይ እጅ ይፈራል። ነጭ ሲኒን ማጥቆር ኃጢአት ይመስላል። ግን ቁራጭ ወረቀት ላይ በእርሳስ ወፈር ያህል ቀዳዳ አውጡና በቀዳዳው የሲኒውን የጥላ ጎን እዩት። ነጭ ነው? አይደለም፣ ግራጫ ነው። አንዳንዴም ከኋላው ካለው ግድግዳ ይጠቁራል።

በመጨረሻ አቦል። በጀበናው የጥላ ጎን፣ አፉ ውስጥ፣ ከሆዱ ሥር፣ ማቶቱ ጠረጴዛውን በሚነካበት ቀጭን መስመር ላይ። ጀበናውን ሙሉ በሙሉ በአቦል አትድፈኑት። በጥላው ጎን፣ ወደ ጠርዙ ጠጋ ብሎ፣ ከጠረጴዛው የተመለሰ ደብዛዛ ብርሃን አለ። እሱን ቶና ላይ ተዉት። ድቡልቡልነቱን የሚሰጠው ያ ነው፤ ከደፈናችሁት ጀበናው የተቆረጠ ካርቶን ይሆናል።

ጠርዞች ሁሉ እኩል አይሳሉ። ሲኒው ጠርዝ ላይ ስለታም ይሁን። የጀበናው የጥላ ጎን ከኋላው ጥላ ጋር ሲገናኝ በእርጥብ ብሩሽ አለስልሱት፣ ትንሽ ይጥፋ። ጠረጴዛው ላይ ያረፈ ጥላም ዕቃው አጠገብ ደረቅ ጠርዝ አለው፣ እየራቀ ሲሄድ ይለሰልሳል።

ብልጭታውስ? የሸክላው ሰፊና ደብዛዛ ነው፤ በእርጥብ ብሩሽ ፈተግ አድርጋችሁ በጨርቅ ቀለሙን ማንሣት ይበቃል። የሲኒው ትንሽና ስለታም ነው፤ ከመጀመሪያው ሳይቀባ የቀረው ወረቀት ነው። ከቀባችሁት ግን አልቋል። ነጭ የጥርስ ሳሙና ሞክሬ ነበር። አትሞክሩት።

በሌላ ቀን፣ በቀለም

ይህን አራት አምስት ጊዜ ከሠራችሁ በኋላ አክሪሊክ የሚባለውን፣ በውኃ የሚቀጥነውን ቀለም አንሡ። ዘዴው ያው ነው፣ ቅደም ተከተሉን ገልብጣችሁ ከጨለማ ወደ ብርሃን ብትሄዱ ግን ይቀላል፤ ነጭ ቀለም አሁን አላችሁና። ጥቁር ቀለም አትግዙ። አልትራማሪን ሰማያዊንና በርንት አምበር ቡኒን ቀላቅሉ። ጥልቅ፣ ሕይወት ያለው ጥቁር ይወጣል። ብርሃን ወደመታው ጎን ቡኒውን፣ ወደ ጥላው ሰማያዊውን አብዙ። ለሲኒውም ነጩ ላይ ከዚያው ድብልቅ ጠብታ ጨምሩ። ንጹሕ ነጭን ለብልጭታዋ ብቻ አስቀሩ። አክሪሊክ ሲደርቅ ትንሽ ይጠቁራል፣ ከቡናው በተቃራኒ።

የመጀመሪያው ደህና የሚባል ሥዕሌ ሲያልቅ ለእናቴ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየችው። ጆሮውን አየች፣ የተሸረፈውን አፍ አየች። ከዚያ ቀና ብላ «ውታፉን የት ጣልከው?» አለችኝ።